ወድቄ አልተሰበርኩም፤ ተሰብሬ ነው የወደቅኩት

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረጉት ንግግር ነው። በንግግሩ ውስጥ የተነሡት ሌላዋ እናታችን ታሪካቸው እንዲወጣ ፈቅደዋል፤ ስማቸው ግን እንዳይጠራ ጠይቀዋል።)

በዚህ ዝናብ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ የመጣችሁትንማ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሊቀ መንበራችን ሃያ ደቂቃ ሰጥታኛለች። እኔን ታውቁኛላችሁ፣ ሠላሳ ቢሆን አትቀየሙኝ። ቁጭ ብዬ መናገሬንም ይቅር በሉኝ፤ ብዙ መቆም እግሬ ገና አይወድልኝም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሥራ ሰባት ዓመት በየሰው ቤት እየሄድኩ አረጋውያን ስንከባከብ ነው የኖርኩት። ለስንቷ ፈረንጅ አሮጊት የአጥንት ክኒኗን ከውሃ ጋር አቅርቤ፣ «ግማሽ ሰዓት እንዳይተኙ» ብዬ አጠገቧ ተቀምጬ ሰዓት ቆጥሬያለሁ። ራሴም ያንኑ ክኒን በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዘጠኝ ዓመት ዋጥኩት። እሑድ ያላደረግሁት ለቅዳሴ ብዬ ነው። ዛሬ የምነግራችሁን ሐኪሞቼን ጠይቄ፣ ልጄ እያነበበች አስረድታኝ፣ በመጨረሻም እዚህ የተቀመጠችው ነርሷ እኅታችን አይታው ነው ያመጣሁት። ስሳሳት እጇን ታወጣለች።

ሁለት ዕዳ አለብኝ። አንደኛው በእኔ ላይ የደረሰውን በደንብ መንገር ነው። ሁለተኛው ከዚህ በፊት በእራት ግብዣችን ላይ፣ እዚሁ አዳራሽ ቆሜ የተናገርኩትን ማረም ነው። ሁለተኛው ይከብደኛል፤ ቢሆንም ያለ መጀመሪያው አይገባችሁም።

ሕመሙ የጀመረኝ በጥምቀት ሰሞን ነው። ቀኝ ጭኔ ላይ፣ ከፊት በኩል፣ ውስጥ ውስጡን። ጡንቻ አይመስልም። አጥንት ውስጥ የገባ የጥርስ ሕመም በሉት። ስቀመጥ ይተወኛል፣ ተነሥቼ ስራመድ ይመለሳል። «ብርድ ነው» ተባልኩ። ፌጦ አሸሁ፣ ቪክስ ቀባሁ፣ ሁለት ሱሪ ደረብኩ። ልጄ የወገብ ዲስክ ይሆናል ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ወገቤን ራጅ አነሡኝ፤ የዕድሜ ነው ብለው የሰውነት እንቅስቃሴ አዘዙልኝ። እኔም ታዛዥ ነኝና በሚያመኝ እግር ደረጃ ወጣሁ ወረድኩ። ጭኔን ራጅ ያነሣው ማንም የለም። እኔም ያንን ክኒን ስንት ዓመት እንደወሰድኩ አልተናገርኩም። የመድኃኒቶቼ ዝርዝር ላይ ተጽፎ አለ፣ ምን ብዬ ልናገር?

አራት ወር እንዲህ ሄደ። በግንቦት አንድ ጠዋት ወጥ ቤቴ ቆሜ ነበር። ጀበናው ምድጃ ላይ ነው፤ ላነሣው ዞር አልኩ። ዞር ብቻ ነው ያልኩት። እንደ ደረቅ እንጨት «ቀጭ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ፤ ከዚያ ነው መሬት የያዝኩት። ድንገተኛ ክፍል ሁሉም «እንዴት ወደቁ?» እያሉ ሲጠይቁኝ «ወድቄ አልተሰበርኩም፤ ተሰብሬ ነው የወደቅኩት» አልኳቸው። ያመነኝ አልነበረም። በኋላ የመጣች አንዲት ወጣት ሐኪም ግን ራጁን አይታ ስለ አወዳደቄ አልጠየቀችኝም። «አሌንድሮኔት ስንት ዓመት ወሰዱ?» አለችኝ። ዘጠኝ አልኳት። ጊዜ ሳታጠፋ ግራ እግሬም ራጅ እንዲነሣ አዘዘች። እኔ ደግሞ የተሰበረው ቀኙ ነው፣ ተሳስታለች ብዬ በእጄ እያመለከትኩ እከራከራታለሁ።

አልተሳሳተችም። የግራ ጭኔ አጥንት ከውጭ በኩል አንድ ቦታ ላይ እንደ ወፍ ምንቃር አብጧል፤ መሐሉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ቀኙን ከዳሌ እስከ ጉልበት በአጥንቱ መሐል የብረት ዘንግ አስገብተው ጠገኑት። በሦስተኛው ሳምንት ግራውንም ሳይሰበር እንዲሁ አደረጉት። እንዲህ ያለው ስብራት ቶሎ አይገጥምም። ስምንት ወር በዎከርና በከዘራ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ እናንተ በተራ ያመጣችሁልኝን ምግብ፣ ልብሴን ያጠባችሁልኝን፣ ሌሊት ያደራችሁልኝን አልቆጥረውም። ቆጥሬም አልጨርሰው።

አሁን ነገሩ ምንድን ነው የሚለውን ልንገራችሁ። አያቴ ቤት ያደግሁ ስለሆንኩ በጭቃ ቤት ነው የሚገባኝ። የጭቃ ግድግዳ በየዓመቱ ይሰነጠቃል። ብልህ ባለቤት የተሰነጠቀውን ትፍቅና በአዲስ ጭቃ ትመርገዋለች። አጥንታችንም እንደዚሁ ነው። ውስጡ ፋቂዎችና መራጊዎች አሉ። ፋቂዎቹ ያረጀውን ያነሣሉ፣ መራጊዎቹ አዲስ ይተካሉ፤ በዚህ ዓይነት መላው አጥንታችን በአሥር ዓመት ገደማ ይታደሳል ይላሉ። የወር አበባ ሲቆም ፋቂዎቹ ይበረታሉ፣ መራጊዎቹ አይደርሱባቸውም። አጥንት የሚሳሳው ያኔ ነው።

ክኒኑ የሚሠራው ፋቂዎቹን በማስቀመጥ ነው። ፋቂው ሲቀመጥ ግድግዳው መሳሳቱን ያቆማል። እጅግ ጥሩ ነገር ነው። ብዙ ዓመት ሲሆን ግን የተሰነጠቀውን የሚፍቅ ይጠፋል። በየዕለቱ ከመራመድ የምትመጣዋ ጥቃቅን ስንጥቅ ሳትታደስ ትቀመጥና ሌላ ትጨመርባታለች። የጭን አጥንት ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ትንሽ እንደ ደጋን ጎበጥ ያለ ነው። ስንቆም የሰውነታችን ክብደት ከውጭ በኩል ይወጥረዋል። ስንጥቁ ከዚያ ከውጭው ይጀምርና ወደ ውስጥ፣ አግድም ይሄዳል። ሐኪሞቹ ራጁን አይተው የሚለዩትም በዚህ ነው። ተራ ስብራት ይሰባበራል፣ ይጠማዘዛል፤ ይሄኛው በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል። ብዙ ጊዜ በሁለቱም እግር ላይ ነው የሚገኘው። ለዚህ ነው ያቺ ልጅ ግራዬን ያየችው። ስሟን አልጠራም እንጂ በየጸሎቴ አነሣታለሁ።

መድኃኒቱ አሌንድሮኔት ይባላል፤ ብዙዎቻችሁ ፎሳማክስ ብላችሁ ነው የምታውቁት። እዚህ አሜሪካ ለአጥንት መሳሳት የተፈቀደው በ1995 ነው። ወንድሞችም አሉት፦ አክቶኔል፣ ቦኒቫ፣ በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጠው ሪክላስት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010፣ በጥቅምት ወር፣ የእነዚህ ሁሉ ወረቀት ላይ የጭን አጥንት ስብራት ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ። ማለትም ከፋርማሲ በምትቀበሉት በዚያ ታጥፎ ታጥፎ ጥፍር በሚያህል ወረቀት ላይ ተጽፏል። እኔ ወረቀቱን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅርጫት ውስጥ ስከተው ኖሬያለሁ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ከዘራዬን ይዤ መጀመሪያ በተገኘሁበት እራት ላይ ሰላምታ እንድናገር ተጠየቅኩ። ሆዴ ቂም ይዞ ነበር። «የአጥንት መድኃኒት ተብሎ አጥንት የሚሰብር መርዝ ነው! የምትወስዱ ሁሉ ዛሬውኑ ጣሉት!» አልኩ። ታስታውሳላችሁ። ጭብጨባውንም አስታውሳለሁ። ከዚያ ወጡ ቀረበ፣ ተበላ፣ ተጨፈረ፣ እኔም ረሳሁት።

ከዓመት ከምናምን በኋላ አንዲት እናታችን ጀርባቸውን ታመው ቤት ዋሉ ተባለ። ምግብ የማድረስ ተራው የእኔ ሆነ። ሽሮና ጎመን ይዤ ሄድኩ። አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው አገኘኋቸው። ሁልጊዜ ቀጥ ብለው የሚሄዱ እናት አልነበሩ? ቁመታቸው አጥሮ ታየኝ። አልጋ ሲያነጥፉ ጀርባቸው ላይ አንድ ነገር ረገፍ ሲል ተሰማቸው፤ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ሁለት የአከርካሪ አጥንታቸው ተደርምሷል፤ ከወር በኋላ ሦስተኛው። እርሳቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ «እግርሽ እንዴት ሆነልሽ ልጄ?» ብለው ነው። ከዚያ እጄን ያዙና፣ «አንቺ ባትናገሪ ኖሮ እኔም እንዳንቺ እግሬ ይሰበር ነበር። ያን ቀን ከሰማሁሽ በኋላ መርፌዬን ተውኩት። እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ።

አመሰገኑኝ። እኔም ምስጋናቸውን ተቀብዬ፣ ቡና ጠጥቼ ወጣሁ።

ማታ ነርሷ እኅታችን በመኪና ስታደርሰኝ እንደ ዋዛ ነገርኳት። ምንም ሳትል መኪናውን ዳር አቆመች። «መርፌ ነው ያሉት? በስድስት ወር አንዴ የሚወጉት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። መሪውን ይዛ ዝም አለች። ከዚያ ያስረዳችኝን ነው አሁን የምነግራችሁ።

መርፌው ፕሮሊያ ይባላል፤ ሌላ ስሙ ዴኖሱማብ ነው። በ2010 ነው የተፈቀደው። እሱም ፋቂዎቹን ነው የሚያስቀምጣቸው፤ እንዲያውም ከክኒኑ ይበረታል። ረጅም ዓመት ሲወሰድ እሱም አልፎ አልፎ ያንኑ የጭን ስብራት ያመጣል። ልዩነቱ ሲቆም ነው። ክኒኑ አጥንት ላይ ተጣብቆ ለዓመታት ይቆያል፤ ብታቆሙትም ቀስ እያለ ነው የሚለቃችሁ። መርፌው ግን አይጣበቅም። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ኃይሉም ያልቃል፤ ታግደው የከረሙት ፋቂዎች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። ባለቤቱ የሌለበት ቤት ላይ እንደሚወርድ ምስጥ ነው። ብዙ ዓመት የተጠራቀመው የአጥንት ጥቅም በአጭር ጊዜ ይበላል፤ ከመጨረሻው መርፌ 7 ወር ጀምሮ የአከርካሪ አጥንት፣ አንዱ ብቻም ሳይሆን ሁለት ሦስቱ፣ ሊደረመስ ይችላል። ይሄም በወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ መርፌውን መተው የፈለገ ሰው በሐኪም እጅ ሌላ መድኃኒት ይተካለታል እንጂ ዝም ብሎ ቀጠሮ አይቀርም።

እኒያ እናታችን ቀጠሮ ቀሩ። የቀሩት በእኔ ቃል ነው።

ሄጄ ነገርኳቸው። አልቅሼ ነው የነገርኳቸው። «አንቺ የደረሰብሽን ነው የተናገርሽው፤ ሐኪሜን መጠየቅ የእኔ ፋንታ ነበር» አሉኝ። ይህን የሚሉት ደግ ስለሆኑ ነው። የተናገርኩት የደረሰብኝን ብቻ አልነበረም። «ሁላችሁም ጣሉት» ብዬ ነበር። የእኔ ክኒን ከእርሳቸው መርፌ ይለይ እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ዛሬ እዚህ እንድናገር የገፋፉኝም እርሳቸው ናቸው።

ያን ማታ ቁጥሩን ብጠይቅ ኖሮ ልሳኔን እይዝ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካይዘር በሚባለው ሐኪም ቤት የሚታከሙ 196,129 ሴቶች፣ ዕድሜያቸው ሃምሳና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ክኒኑን የወሰዱ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ምን እንደደረሰባቸው ተከታትለው በ2020 አውጥተውታል። የእኔ ዓይነት ስብራት የደረሰባቸው 277 ናቸው። ልጄ ይህን ስታነብልኝ ተናድጄ፣ «እኔ አንዷ ነኛ!» አልኳት። ቀጥላ አነበበችልኝ። ከ10,000 ነጭ ሴቶች መካከል ሦስት ዓመት በመውሰዳቸው 149 የዳሌ ስብራት ይቀራል፤ በመድኃኒቱ ምክንያት የሚመጣው የጭን ስብራት 2 ነው። እስያውያን ሴቶች ላይ ይብሳል፤ 91 ይቀራል፣ 8 ይመጣል። ያም ሆኖ ጥቅሙ ይበልጣል። የዳሌ ስብራት ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከ5 አንዱ ገደማ ዓመት ሳይሞላው ያርፋል። እኔ ከምንከባከባቸው መካከል ስንቷን በዚህ እንደቀበርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ያው ጥናት ሌላም ነገር ይላል፤ ለእኛ ዋናው እሱ ይመስለኛል። ክኒኑ በተወሰደ ቁጥር፣ ከአምስት ዓመት ከስምንት ዓመት በላይ ሲሆን፣ የጭኑ ስብራት ዕድል እየጨመረ ይሄዳል፤ ሲቆም ደግሞ ቶሎ ይቀንሳል። ስለዚህ ነው አሁን ሐኪሞች ክኒን አምስት ዓመት፣ በደም ሥር የሚሰጠውን ሦስት ዓመት የወሰደች ሴት እንደገና ትመርመር የሚሉት። አጥንቷ ተለክቶ ስጋቷ ቀለል ያለ ከሆነ የመድኃኒት ዕረፍት ይሰጧታል። ዳሌዋ ወይም አከርካሪዋ ከዚህ በፊት ተሰብሮ ከሆነ ወይም ልኬቷ በጣም ከወረደ እንድትቀጥል ወይም መድኃኒት እንድትቀይር ይመክሯት ይሆናል። ለእኔ በአምስተኛው ዓመት ይህን ያነሣልኝ አልነበረም። ሐኪሜ ሁለቴ ተቀይሯል፤ አዲሱ ሁሉ የቀድሞውን ትእዛዝ አድሶ ይልካል። ፋርማሲው በየሦስት ወሩ በፖስታ ይልክልኛል። እኔም «ቆርጦ የሚያውቅ ሐኪም ነው» ብዬ እውጣለሁ። በዚህ ማንንም አልከስም። አምስት ዓመት ሲሞላ ግን አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት፤ ያ ሰው እኔም ልሆን እችል ነበር።

እስቲ ከእናንተ የአጥንት መድኃኒት የምትወስዱ ዛሬ ቤት ስትገቡ ጠርሙሱን አውጡና የጀመራችሁበትን ዓመት ወረቀት ላይ ጻፉ። ካላስታወሳችሁ ፋርማሲው ያውቀዋል፤ ደውላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱን ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ጭናችሁን ወይም ብሽሽታችሁን፣ አንዱንም ይሁን ሁለቱን፣ ሳትወድቁ ሳትመቱ ማመም ከጀመራችሁ «ብርድ ነው» አትበሉ። በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋር ደውሉ። ስትሄዱም «የአጥንት መድኃኒት ይህን ያህል ዓመት ወስጃለሁ፤ ጭኔን ያመኛል፤ ሁለቱም ጭኖቼ ከላይ እስከ ታች ራጅ ይነሡልኝ» በሉ። ራጁ ምንም ባያሳይ ሕመሙ ግን ካልተወ ኤምአርአይ የሚባለው ስንጥቁን ቀድሞ ያሳያል። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ መናገር ያቃታችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ሁሉ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የልጅ ልጃችሁን ይዛችሁ አትሂዱ፤ ያ ሕፃን «ብሽሽት» የሚለውን ቃል ከየት አምጥቶ ይተርጉመው?

ፕሬድኒሶን የምትወስዱ፣ ለአስምም ይሁን ለሌላ፣ ለሐኪሙ አስታውሱት። እሱ ብቻውን አጥንት ያሳሳል፤ ከክኒኑ ጋር ሲሆን ደግሞ ለጭኑ ስብራት ያጋልጣል። ጥርስ ልታስነቅሉ ስትሄዱም የጥርስ ሐኪሙ ይወቅ፤ መንጋጋ ላይም አልፎ አልፎ ቁስሉ አልድን የሚል ጣጣ አለው።

ክኒኑን የምትቀጥሉ ደግሞ በትክክል ውሰዱት። በቡና ከዋጣችሁት ገንዘባችሁን ነው የበላችሁት፤ ወደ ሰውነት አይገባም። በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ተራ ውሃ ነው። አምቦ ውሃም አይሆንም፤ ማዕድን ያለበት ውሃ መድኃኒቱን ይይዘዋል። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳትተኙ፣ ሳትበሉ፤ ቦኒቫ ከሆነ አንድ ሰዓት። አለበለዚያ ጉሮሮን ያቃጥላል። ጾም ላይ እንዴት ይሁን ለምትሉ፣ እኔ የንስሐ አባቴን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ እናንተም የእናንተን ጠይቁ። የጾም ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ወተትና አይብ በማንቀምስበት ወራት ካልሲየሙ ከጎመንና ከጤፍ ይምጣ። ፀሐይ ደግሞ እዚህ አገር ክረምት የለችም፤ ለጥቁር ቆዳማ ጭራሽ አትበቃም። የቫይታሚን ዲ መጠናችሁን በደም ምርመራ ማሳየት ቀላል ነገር ነው።

እኔ አሁን ክኒኑን አልወስድም፤ ስብራቱ ከደረሰ በኋላ አይወሰድም። እኒያ እናታችን በሐኪማቸው ክትትል መድኃኒት ጀምረዋል። ጀርባቸው እንደ ቀድሞው ቀጥ አላለም። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን መጥተው በመቋሚያ ቆመው አስቀድሰዋል፤ እስከ መጨረሻው ግን አልቻሉም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ማታ እራት ላይ የነበሩትን ስም ከመዝገባችን አውጥተናል። 41 ናቸው። እስከ ትናንት 36ቱን ደውዬ አግኝቻቸዋለሁ። ሁለቱ ክኒናቸውን ትተው ነበር፤ አንዷ ደግሞ መርፌዋን። የመርፌዋ ባለቤት በደወልኩላት በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ጋር ገብታለች። አምስቱን አላገኘሁም። የሁለቱ ስልክ አይሠራም፣ አንዷ ወደ አትላንታ ሄዳለች ይባላል፣ ሁለቱ አያነሡም። ስማቸው ቡናው ያለበት ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። የምታውቋቸው ካላችሁ ሳትወጡ ቁጥራቸውን ጻፉልኝ።